ከእማዬ ሸራ ሥር

እናቴ በሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከእጇ ሥራ ሥር ተቀምጬ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ይኼን ለሰው ብናገር "ለቅሶ ላይ ማን ቀና ይላል?" ብለው እንደሚያጽናኑኝ አውቃለሁ። መጽናናት ደግሞ አልፈልግም። ሐዘንተኛ አንገቱን ይደፋል፣ ወጉ ነው፤ የኔ አንገት ግን እማዬ በሕይወት እያለችም የተደፋ ነበር።

ስሜ ዘቢደር ነው። ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ሰነድ አዘጋጃለሁ። እናቴ አበሩ ደግሞ የከባድ መኪና ሸራ ትጥፍ ነበር። ከኢትዮጵያ የሚመጡት ተሳቢዎች ከተማው መግቢያ ላይ፣ ፔካ ዱዝ በሚባለው ማቆሚያ፣ የጭነት ተራ ሲጠብቁ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆማሉ። እሷ ከዋራበሌ ቤታችን ማልዳ በሚኒባስ ትሄድና የበጋው ትኩስ ነፋስ፣ ካምሲኑ፣ የቀደደውን፣ ገመድ የበላውን ሸራ መሬት ላይ ዘርግታ ስትሰፋ ትውላለች። ሾፌሮቹ "እማማ አበሩ" ይሏታል። ሙያው የአባቷ ነው፤ በባቡሩ ዘመን የፉርጎ ሸራ ሰፊ ስለነበሩ የጆንያ መርፌ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ክሯን የምታሸው ከቤተ ክርስቲያን በምትለቅመው የጧፍ ጉማጅ ነበር። "የተጸለየበት ሰም ውሃ አያስገባም" ትላለች። እዚህ አገር በዓመት ስንት ቀን እንደሚዘንብ ሳስታውሳት፣ "የኔ ሸራ እዚህ ይቀራል እንዴ? ደሴ ላይ ይዘንባል" ብላ ትመልስልኛለች።

አንድ ልማድ ነበራት። ሸራውን ከመንካቷ በፊት ሾፌሩን "ምን ናፈቀህ?" ትለዋለች። ካልመለሰላት መርፌ አታነሳም። አንዱ "ቁርጥ" ይላል። አንዱ "ሚስቴ" ይልና ያፍራል። አንዱ ደግሞ "የክረምት ጭቃ" ብሏት ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ ከረመች። እኔ ነገሩን የወሬ ሱስ አድርጌ ነበር የማየው።

ያሳፈረኝ ስፌቷ ነው። ሌሎቹ ሸራ ሰፊዎች አራት ማዕዘን እራፊ ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን ቀጥ አድርገው ይሰፋሉ፣ አለቀ። የእማዬ እራፊ ግን ዙሪያው ካለቀ በኋላ መሃሉም ይሰፋል። ክሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ያለ ምንም ምክንያት ዞሮ ይመለሳል። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ከረምዚ ጋር የወደቡ በር ላይ ቆመን ሳለ አንዱ መኪና በፊታችን አለፈ። ረምዚ በጣቱ እያሳየኝ "ይኼን የሰፋው ሰው ምን ቅሞ ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እናቴ ናት አላልኩም።

ቤት ስገባ ንዴቴን እሷው ላይ ተወጣሁት። "ስፌትሽ የሰካራም መንገድ ሆኗል። ሰው እየሳቀብን ነው። ተይው በቃ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል?" አልኳት። እሷም ሳቀች። "ዓይኔ ነው ልጄ። ደከመ" አለች። መነጽር ገዛሁላት። እኔን ደስ እንዲለኝ ቤት ውስጥ ታደርገዋለች፤ ለሥራ ስትወጣ አውልቃ ሣጥኗ ውስጥ ትከተዋለች። ዓይኗ ምንም አልሆነም ነበር። እኔን ላለማስቀየም የራሷን ዓይን ማማቷ ነው።

በየካቲት መሰለኝ፣ እሷ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ክሯን ስታሽ፣ እኔ ከአንድ ነዝናዛ ደንበኛ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ቆይቼ ስዘጋ፣ "አንቺስ ዘቢዬ? አንቺ ምን ይናፍቅሻል?" አለችኝ።

"ዝምታ!" አልኳት።

ክሯን ጠቅልላ ወደ ውስጥ ገባች። ይኸው የናፈቀኝን አገኘሁት፤ ቤቱ ዝም ብሏል።

የሞተችው በግንቦት መጨረሻ ነው፣ ሙቀቱ ሲጀምር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ለጠዋት ሥራ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገብታ፣ ትራሷ ጥግ ሰክታው ነበር የተኛችው። በነጋታው አልነቃችም።

የእድራችን ድንኳን በዚያ ሳምንት ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሎ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ እሸቴ ራሳቸውን ይዘው "በዚህ ፀሐይ ለቀስተኛውን የት ላስቀምጠው?" ሲሉ፣ ሾፌሮቹ ማንም ሳይነግራቸው ከባዶ ተሳቢዎቻቸው ላይ ሸራ እየፈቱ መጡ። ስምንት ሸራ። ከኛ አጥር እስከ ጎረቤታችን እስከ ዙሌይካ ግድግዳ ድረስ ወጥረው መንገዱን በሙሉ አለበሱት። ይኼን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ምንጣፉን፣ የሰው እግርንና የራሴን ጉልበት ብቻ ነበር። ዙሌይካ በሶማልኛ እያባበለች በእጇ ውሃ ታጠጣኝ ነበር፤ የእሷንም ፊት አላየሁትም።

ልጄ ፅዮናዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሦስቱንም ቀን ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተንጋላ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ነጠላዬን ጎተት አድርጋ "እማ፣ ወደ ላይ እዪ" አለችኝ።

"ዝም በይ። ለቅሶ ላይ ነን" አልኳት።

ደግማ አልተናገረችም። በዚህ እንኳ እናቴን ነው የምትመስለው፤ ዝም በይ ሲሏት ዝም ትላለች። ከሠልስቱ በኋላ ሾፌሮቹ ሸራቸውን ፈቱ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ፣ የጭነት ተራቸው እየደረሰ አንድ በአንድ ወጡ።

እንግዳው ሁሉ ሲበተን የእማዬን ሣጥን ከፈትኩ። ሁለት ቀሚስ፣ የሰም ድቡልቡል፣ የመርፌ ቆርቆሮ፣ አቧራ የጠጣ መነጽር። ሰው እናቱ ስትሞት አንድ ጥልፍ፣ አንድ የሠራችው ስፌት፣ ቢያጣ ቢያጣ አንድ ሹራብ ያገኛል። እኔ ምንም አላገኘሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት ቤቷ ውስጥ አንዲት ክር አልተወችም፤ ሥራዋ በሙሉ መንገድ ላይ ነው። እጇ ያለፈበትን አንድ ነገር፣ ጠማማውንም ቢሆን፣ ይዤ መተኛት አማረኝ። ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሰነድ እየሞላሁ ይኼው ይመጣብኛል፣ ፊደሉ ይጠፋኛል፣ ደግሜ እጀምራለሁ።

አርባዋ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ትምህርቷን ልይ ብዬ የፅዮናዊትን የፈረንሳይኛ ደብተር ስገልጥ የኋለኞቹ ገጾች በሥዕል ተሞልተዋል። ጃንጥላ የተያዘላት በቅሎ። ቤት ክዳን ላይ የቆመች ፍየል። ፀጉሯን የምታበጥር ሴት። ሳህን ላይ የተጋደመ ሥጋና ቢላዋ። ጭቃ እስከ አንገቱ የበላው ቦት ጫማ።

"ትምህርቱ ቀርቶ ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የእማማ ነው።"

"የእማማ ምን?"

"የድንኳኑ ጣሪያ ነዋ። አላየሽውም እንዴ?"

ቁጭ አልኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ለሞኝ እንደሚያስረዱት አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ሸራ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ከሌላ ቀለም ሸራ ተቆርጦ የተሰፋ ሥዕል አለ። በቅሎዋ ቡኒ ናት፣ ጃንጥላው ቀይ፣ የቦቱ ጭቃ ከአሮጌ የሲሚንቶ ከረጢት የተሠራ። እማዬ ቀዳዳውን ከውጭ በተራ እራፊ ትሸፍነዋለች፤ ከውስጥ ደግሞ ሾፌሩ የናፈቀውን ትሰፋለታለች። ባዶ መኪና ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ከፀሐዩ የሚሸሸው እዚያው ተሳቢው ላይ፣ ከሸራው ሥር ነው። ተንጋሎ ሲተኛ የናፈቀው ነገር ከፊቱ ይሆናል። እኔና ረምዚ ከውጭ አይተን የሳቅንበት ያ የሰካራም ስፌት የሥዕሉ ጀርባ ነው። ክሩ ያለ ምክንያት ዞሮ አልተመለሰም፤ የበቅሎ ጆሮ እየዞረ ነው።

"አንቺም እኮ አለሽ" አለች ፅዮናዊት።

"እኔ?"

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችልኝ። ሴት ልጅ ያዘለች እናት። ልጅቷ ለመታዘል ትልቅ ናት፤ እግሯ እናትየው ጉልበት ድረስ ተንጠልጥሏል። አንዱ እግሯ ቀይ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። "ይቺኛዋ ሰማያዊው ሸራ ላይ ነበረች፣ ልክ ከኛ በላይ" አለች ልጄ። "ፊትሽ ስለሚመስል አወቅኩሽ። ጫማሽ ግን የታለ?"

ጫማዬ ሲየስታ ባሕር ዳርቻ ነው። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ሸርጣን ላሳድድ ጭቃው ውስጥ ገብቼ፣ አዲሱን የላስቲክ ጫማዬን አንዱን ጭቃው ዋጠው። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ እየዳበሰች ፈለገችልኝ፤ ባሕሩ ተመልሶ ቁርጭምጭሚቷን እስኪነካት አልተወችም። ከዚያ ጎንበስ ብላ "ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ" አለችኝ። አሸዋው ያቃጥል ነበር። በሰፈራችን በካርቲዬ ደ መካከል እስከ ቤታችን አዘለችኝ። የሰፈሩ ልጆች "ሙሽራዋ! ሙሽራዋ!" እያሉ ተከተሉን። እኔ ትከሻዋን በእጄ እየገፋሁ፣ መንገዱን ሙሉ "አውርጂኝ! አውርጂኝ!" ብዬ ጮህኩ። በራችን ላይ አወረደችኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጀርባ ላይ አልወጣሁም።

በማግስቱ ለጋሽ እሸቴ ደውዬ ሸራ ያመጡትን ሾፌሮች ስም ጠየቅኳቸው። ሰማያዊ ሸራ ያመጣው ልደቱ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው። ስልኩን ሰጡኝ። ስደውልለት ወደቡ ውስጥ ነበር።

"የእማማ አበሩ ልጅ? ምነው፣ ደህና?" አለኝ። የደወልኩበትን ምክንያት ስነግረው "ዛሬ ባትደውዪ አታገኚኝም ነበር" አለ። ድርጅታቸው ሁሉንም ሸራ በአዲስ እየቀየረ ነው። የልደቱ ሰማያዊ ሸራ የመጨረሻ ጉዞው ይኼ ነው፤ ጭነቱን አራግፎ ሲጨርስ ሸራውን ለአንድ የእህል መጋዘን አሳልፎ ይሰጣል። "ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። በሩ ላይ ጠብቂኝ" አለኝ።

ከቢሮ አስፈቅጄ፣ ፅዮናዊትን ከቤት ይዤ በታክሲ ሄድን። ሸራውን አንድ ጊዜ ገለጥ ያደርግልኛል፣ ገብቼ እተኛለሁ፣ ተንጋልዬ አያታለሁ፤ ያሰብኩት ይኼን ብቻ ነው።

መኪናው ከበሩ ወጥቶ ጥላ ሥር ቆሟል። ማዳበሪያ እስከ አፉ ተጭኗል። ሰማያዊው ሸራ ተወጥሮ፣ ገመዱ ቀለበት ለቀለበት ዞሮ ታስሯል። መጋጠሚያው ላይ የጉምሩክ ማሸጊያ ተንጠልጥሏል። ጠጋ ብዬ ቁጥሩን አየሁት። ያን ቁጥር የዚያኑ ቀን ጠዋት፣ ማሸጊያው ገና ሲመደብ፣ ሰነዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ የማን መኪና እንደሆነ ሳላይ።

ልደቱ ወረደ። አምሳ የሚጠጋ፣ ጠይም፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው። ፊቴን አየና ነገሩ ገባው። "ሳትደርሺ አሸጉት። ቆይ፣ ልቁረጠው" አለ፤ እጁ ወዲያው ጉጠቱን ፈለገ። "መንገድ ላይ ገመድ ሲበጠስ አብሮ ሄደ እላለሁ።"

"ድንበር ላይ ያስሩሃል።"

"ይሰሩኝ! ስንት ቀን በነፃ ሰፍታልኛለች።"

እውነቱን ልናገር፤ ቁረጠው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። የታሸገ ጭነት የፈታ ሾፌር ምን እንደሚደርስበት ግን ከሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ በኔ ጠረጴዛ ነው የሚያልፈው። "ተው" አልኩት። "ልጆች አሉህ። ተው ልደቱ።" ጉጠቱን መለሰው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በልጄ ፊት፣ በበር ጠባቂዎቹ ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"እማ" አለች ፅዮናዊት። መኪናውን ዞራ በግራ በኩል ቆማለች። "እዚህ ናት።"

ከኋላ ጎማው በላይ አንድ ሰማያዊ እራፊ አለ፤ አቧራና ናፍጣ የጠጣ። መሃሉ ላይ ክሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። ልደቱ ጎማው ላይ እንድወጣ ደገፈኝ፤ ልጄ ከጎኔ ተንጠላጠለች። እጄን ይዛ የጠቋሚ ጣቴን ክሩ ላይ አስቀመጠችው። የእማዬ ሰም አሁንም ጣት ላይ ይለሰልሳል።

"ይኼ የእማማ ራስ ነው" አለች። "ውረጂ። ትከሻዋ። ይኼ ያንቺ እግር ነው፣ ጫማ ያለው። ይኼኛው ባዶው ነው፤ ጣቶቹን ቁጠሪያቸው።" ቆጠርኳቸው። አምስት ትንንሽ ስፌት። "አሁን ወደ ላይ ተመለሺ። ይኼ ያንቺ ክንድ ነው። አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል።"

ጣቴ ቆመ። "አልተጠመጠምኩም" አልኩ። "ያን ቀን እየገፋኋት ነበር።"

ልደቱ ከታች ሆኖ ሰማኝ። "እሱን ነገረችኝ እኮ" አለ። "ባለፈው ዓመት ነው። ሁሌ እኛን ትጠይቃለች፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን 'እርስዎስ እማማ፣ ምን ይናፍቅዎታል?' አልኳት። መርፌዋን አስቀምጣ 'ልጄን አንድ ቀን አዝያት አውርጂኝ አለችኝ፤ አወረድኳት' አለች። 'ጀርባዬ ግን እስካሁን አለመደም' አለች። ከዚያ ይቺን መስፋት ጀመረች። ክንዱ ጋ ስትደርስ ሳቅ ብላ 'ይኼን እንኳ ከራሴ ጨመርኩት' አለችኝ።"

ክንዱን ደግሜ ዳሰስኩት፤ ከትከሻ ይነሳል፣ አንገቷን ይዞራል፣ ከደረቷ ላይ ይጋጠማል። እዚያ ጋ ክሩን ሦስት ጊዜ ደራርባዋለች፤ እንዳይፈታ። ዝምታ ይናፍቀኛል ያልኳት ከዚህ በኋላ ነው። ይቺን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ፣ ምን ይናፍቅሻል ብላ የጠየቀችኝ ለእኔም የናፈቀኝን ልትሰፋልኝ ነበር።

"አንቺ" አልኩ፤ ጉንጬን ናፍጣ የሸተተው እራፊ ላይ አድርጌ። "የናፈቅሽኝ አንቺ ነሽ።" ከዚያ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ማዳበሪያውን ከነሸራው፣ እስከቻልኩት ድረስ አቀፍኩት።

ከኋላ የተደረደሩት መኪኖች ጥሩንባ ነፉ። በር ጠባቂው በፈረንሳይኛ መንገዱን ልቀቁ እያለ መጣ። ልደቱ ክንዴን ነካ አደረገኝ። "መጋዘኑን ለምኜ ይቺን ቆርጬ አመጣልሻለሁ፣ ከሰጡኝ" አለ። ቃል እንዲገባ አልጠየቅኩትም። "እህቴ፣ መሄዴ ነው። በይ አሁን ውረጂ" አለኝ።

አልወረድኩም። አጥብቄ ያዝኩ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት። "ትንሽ ብቻ።"